የበላነው ሥጋና ያልከፈልነው ገንዘብ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሦስታችን ለጥናት ወረቀታችን ተረትና አባባል ለመሰብሰብ ወደ ፑኝዶ ወርደን ነበር። የሰበሰብነው ተረት አዘጋጆቹ ከፈቀዱልን በሌላ እትም ይወጣል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ አንድ ጥቅል ቋንጣ ነው። አንባቢ «እዚህ ዓምድ ላይ ቋንጣን ምን አመጣው?» ብሎ እንዳይስቅብን እንለምናለን። እኛም መጀመሪያ ላይ ስቀን ነበር።

ፑኝዶን ለማያውቅ ጓደኛ፦ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በጎግ ወረዳ የሚገኝ፣ ጊሎ ወንዝ የሚያጠጣው አገር ነው። የአኙዋ ሕዝብ በወንዙ ዳር በቆሎና ማሽላ ይዘራል፤ ዓሣ ያጠምዳል፤ ያድናልም። ከከተማይቱ ጎን የስደተኞች መጠለያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሱዳን፣ በኋላም የደቡብ ሱዳን ጦርነት ያባረረው ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት የኖረ ቦታ ነው። በዚያው ክልል ደግሞ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ፓርኩ የተቋቋመው በተለይ ለነጭ ጆሮ ቆርኬና ለናይል ሌችዌ ሲባል ነው። ነጭ ጆሮው ቆርኬ ፓስፖርት የለውም፤ ውኃና ሣር እየተከተለ ከደቡብ ሱዳኑ ቦማ ወደ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ ወደ ቦማ ይመላለሳል።

ነገሩ የሆነው በመመለሻችን ቀን፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከአጠገባችን አንዲት እናት ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። ጥቂት እንደ ሄድን ዘወር ብለው «ልጆቼ፣ ቋንጣ አትወስዱም? ለመንገድ ይሆናችኋል» አሉን። ከመካከላችን አንዱ «የምን ሥጋ ነው እናቴ?» ብሎ ጠየቀ። «የሚበላ ሥጋ ነው» አሉ። ቀመስን። ጥሩ ነው፤ ጨውም ጭስም አለው። አንድ ጥቅል በ300 ብር ተስማማን። ያለን ድፍን ብር ስለ ነበር፣ እሳቸውም መልስ ስላልነበራቸው፣ «ግድ የለም፣ ጋምቤላ ስንወርድ ትሰጡኛላችሁ» ብለው ጥቅሉን አቀበሉን። የተረት ደብተሮቻችን ባሉበት ቦርሳ ውስጥ ከተትነው። ከዚያ በኋላ ነው በዝግታ «ነጭ ጆሮ ነው» ያሉን። ከእኛ አንደኛው ማኘኩን አቆመና በመስኮት ተፋው።

ኬላ ላይ ፍተሻ ነበር። ፈታሹ ወጣት ወደ እኛ መጣና «ተማሪዎች ናችሁ?» አለ። «አዎ» አልን። ቦርሳችንን በእጁ ነካ አድርጎ አለፈ። የእናትየውን ዘንቢል ግን ገለጠው። ውረዱ አላቸው፤ ወረዱ። አውቶቡሱ ጥቂት ቆመ፤ ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፤ ሄድን። እኒያ ሴት ሲወርዱ አንድ ጊዜ ብቻ አይተውናል። ጣታቸውን ወደ ቦርሳችን ቢቀስሩ ብቻቸውን አይወርዱም ነበር። አልቀሰሩም። እኛም «ከእኛም ዘንድ አለ» አላልንም፤ «ገንዘብዎን ይውሰዱ» እንኳ አላልንም። 300 ብሩን እንደ ያዝን ጋምቤላ ገባን።

ወደ ግቢ ስንመለስ መጀመሪያ ያማከርነው የሕግ ተማሪ የሆነ ወዳጃችንን ነው። «የአደን ሥጋ መግዛት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» ብለን ብንጠይቀው እንደ ሙያ ባልደረቦቹ ሁሉ መልሱን ከሩቅ ጀመረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1151 ላይ፣ ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር የራሱ ሊያደርግ አስቦ የያዘ ሰው ባለቤቱ ይሆናል ይላል አለን። ደስ አለን። ቆርኬን ማን ወለደው? ማን ገዛው? የያዘው ያዘው። ደስታችን ግን ዕድሜ አላገኘም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሏል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደንንም ሆነ በዱር እንስሳትና በውጤቶቻቸው ያለ ፈቃድ መነገድን ከለከለ፤ ጥፋተኛውንም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም ከ5 ሺህ እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ፣ ሲብስም በሁለቱም እንዲቀጣ ደነገገ። ሥጋ ከእንስሳ ይወጣል እንጂ ከሰማይ አይወርድም። በዚያ ላይ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያ የሚቀርብ ሥጋ ይመርመር የሚል አዋጅ አለ፤ ጫካ ውስጥ የወደቀ ቆርኬ ደግሞ ቄራም ሐኪምም አያይም። እንግዲህ አጭሩ መልስ፦ ፈቃድ ከሌለው ሰው የአደን ሥጋ መግዛት አይቻልም። ገዢም «እኔ እጄን ዘረጋሁ እንጂ ጦር አልወረወርኩም» ብሎ ንጹሕ ሊሆን አይችልም፤ ሻጭ ያለ ገዢ ሻጭ አይባልምና።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ የማባዣ ወረቀት ባላባከንን። የሕግ ጥያቄ «ይቻላል ወይ?» ይላል። እኛ ግን ማታ ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ የምንከራከረው ስለ ሌላ ነገር ነው፦ ያ ሕግ ለምን እሳቸውን ብቻ አገኛቸው? እኛስ ለምን ሳያገኘን ቀረ?

መጀመሪያ የተፋውን ልጅ እንውሰድ። ይህ ጓዳችን የደጋ ሰው ነው። አያቱ ቤት በጎሽ ቀንድ የተሠራ ዋንጫ እንዳለና በበዓል ቀን በእሱ ጠላ እንደሚጠጣ ራሱ በኩራት ያወራል። «ታዲያ ጎሹን ማን ገደለው?» አልነው። «ቅድመ አያቴ» አለ። «ሥጋውንስ?» ቢሉት ዝም! እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት የሚገባን ይመስለናል። በደገኛው ልማድ አንበሳና ዝሆን፣ ጎሽም የገደለ ሰው ይፎክራል፤ ይዘፈንለታል፤ ቅቤ ይቀባል፤ ጎፈርና ቀንዱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሊበላ ብሎ የገደለውን ግን ኅብረተሰቡ ከማዕድ ያወጣዋል። ጣና ዳር ነገደ ወይጦዎች ጉማሬ አድነው ስለ በሉ ጎረቤቶቻቸው ስንት ዘመን አብረዋቸው አልበሉም፣ አልተጋቡምም። በከፋ ማንጆዎች በአደናቸውና በሚበሉት የዱር እንስሳ ምክንያት ከሰው ቤት ደጃፍ እንዳያልፉ ተደርገው ኖረዋል። እስቲ ይህን ነገር አስቡት! ለክብር መግደል ጀግንነት፣ ለረሃብ መግደል ነውር። እንስሳው እንደሆነ በሁለቱም መንገድ ሞቷል።

እርግጥ ሃይማኖት የራሱ ቃል አለው። ኦሪት የሚበላውንና የማይበላውን ለይቷል፤ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ከሆነ፣ ዋላውም ሚዳቋውም ይበላል፤ ከርከሮ አይበላም። በዚህ መለኪያ ቆርኬው ያልፋል። ነገር ግን ማን ባረከው? እንዴት ታረደ? የሚለውን ጥያቄ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠይቃል፤ መጠየቁም መብቱ ነው። የእኛ ጓድ ግን የተፋው ይህን ሁሉ አስቦ አይደለም። የተፋው «የእነሱ ምግብ» ስለ ሆነ ነው። ይህንን እሱ ራሱ ከብዙ ክርክር በኋላ አምኗል፤ እንድንጽፈውም ፈቅዷል። (እኛ ሁለታችን አልተፋንም፤ ግን ከእሱ የተሻልን ሆነን ሳይሆን ርቦን ስለ ነበር ነው።)

ሁለተኛው ጓዳችን ፍልስፍና ያጠናል፤ ስለዚህ ጆን ሎክን ጠራብን። ሎክ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የንብረትን አመጣጥ ሲተነትን ሐሳቡ በግርድፉ እንዲህ ነው፦ ምድርና በላይዋ ያለው ለሰው ሁሉ በጋራ ተሰጠ፤ አንድ ሰው ላቡን ጨምሮ ከዚያ የጋራ ነገር ያወጣው ግን የራሱ ይሆናል። ምሳሌው ራሱ የአሜሪካ አገር ተወላጅ አዳኝና የገደለው አጋዘን ነው። እንግዲህ በሎክ ሚዛን የፑኝዶው አዳኝ የቆርኬው ባለቤት፣ እናትየውም ሕጋዊ ነጋዴ መሆናቸው ነው። ጓዳችን ይህን ብሎ ሊተኛ ነበር። ነገር ግን ሎክ አንድ ማሰሪያ አበጅቷል፤ ለሌሎች በቂና መልካም የሆነ እስከ ተረፈ ድረስ ነው ያለው።

ተርፏል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2024 የደቡብ ሱዳን መንግሥት ከአፍሪካን ፓርክስ ጋር ሆኖ ከአየር ላይ የተደረገ ቆጠራ ውጤት ሲያስታውቅ፣ በዚያ ሜዳ የሚሰደዱት አራት ዓይነት የቆርኬና የሚዳቋ ወገኖች ወደ 6 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ ከነዚህም አብዛኛው ነጭ ጆሮ ነው ተባለ። በምድር ላይ ከሚታወቁት የአጥቢ እንስሳት ስደቶች ሁሉ ትልቁ ነው ተብሎም ተነገረ። ታዲያ ከ6 ሚሊዮን ላይ አንድ ጥቅል ቋንጣ ምን ያጎድላል?

እዚህ ላይ ነው ሦስተኛው ጓዳችን፣ የታሪክ ተማሪው፣ ከአልጋው የተነሣው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ጎሽ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር፤ ባቡሩ፣ ጠመንጃውና የቆዳ ነጋዴው መጥተው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከጥቂት መቶዎች በላይ አልቀረም። ሰማይ ያጠቁር የነበረው ተጓዥ ርግብ በቢሊዮን ይቆጠር ነበር፤ እየተገደለ በበርሜል ተጠቅጥቆ ለከተማ ገበያ ተላከ፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ1914 ሲንሲናቲ ከተማ ውስጥ በጉረኖ ሞተች። አሜሪካኖች ከዚያ ተምረው አዳኝ ያደነውን ይብላ እንጂ በአጠቃላይ አይሽጥ አሉ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ጭራሽ ዘጋች። ታንዛኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በተቃራኒው፣ ፈቃድ ያለው የዱር ሥጋ ቤት ይከፈት ብላለች። እያንዳንዱ አገር በራሱ ፍርሃት ልክ ሕግ አወጣ ማለት ነው። የዚያው የደቡብ ሱዳን ቆጠራ ሌላም ነገር ይዟል፤ የሚሰደዱት ብዙ ሆነው ሲገኙ፣ በአንድ ቦታ ረግተው የሚኖሩት እንስሳት ብዙዎቹ ክፉኛ ተመናምነዋል። እየጨመረ የሄደው የዱር ሥጋ ንግድም በዚያው መግለጫ ላይ እንደ ትልቅ አደጋ ተነሥቷል።

ስለዚህ ታሪክ ተማሪው መስመሩን እዚህ ላይ ያሰምራል፦ ሆድ ልክ አለው፤ ኪስ ልክ የለውም። በጦርና በውሻ የሚታደን አደን ቢበዛ መንደር ያጠግባል፤ በአውቶማቲክ ጠመንጃ ታድኖ በሞተር ብስክሌት የሚጋዝ ሥጋ ግን ከተማን ሊያጠግብ ይሞክራል፤ ከተማ ደግሞ አይጠግብም። የሚከለከለው ሁለተኛው ይሁን፣ የመጀመሪያው ይፈቀድ።

ጥሩ አባባል ነው፤ በፈተና ላይ ብንጽፈው ማርክ ያሰጠን ነበር። እናትየው ግን ከሁለቱም ወገን አይደሉም። ሊበሉ ብቻ አልያዙትም፤ ባለጠጋም ሊሆኑ አልያዙትም። ዘንቢላቸው ውስጥ ያለው ሥጋ ጨው፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር ሊሆን የሚሄድ ሥጋ ነው። በዛሬው ኑሮ ደብተር በቆርኬ አይለወጥም፤ መጀመሪያ ብር መሆን አለበት። «ለመብላት ብቻ» የምንለው ንጹሕ አዳኝ በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ ያለ ሰው ሳይሆን አይቀርም። የሞተር ብስክሌቱ ነጋዴም ቢሆን ከእንዲህ ያለው ዘንቢል እየሰበሰበ ነው የሚያድገው፤ ይህንን መካድ አንችልም። መስመሩ የሚያልፈው በሴትየዋ ዘንቢል መካከል ነው፤ እዚህ ላይ ተከራክረን ተከራክረን ደከመን።

ፈቃድ ስለሚባለው ነገርም እናንሳ። በአገራችን ሕጋዊ አደን አለ። ደጋ አጋዘንን ሊገድል ወደ ባሌና አርሲ የሚመጣ የውጭ አገር ሰው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ፣ ከአዳኝ አስጎብኚ ጋር ሆኖ፣ ኮታ ተቆርጦለት ይገድላል። ቀንዱንና ቆዳውን ይዞ ይሄዳል። በጋምቤላም ለእንዲህ ያለ አደን የተከለሉ ቦታዎች ነበሩ። ለዚህ ነገር የሚቀርበውን መከራከሪያ አንንቅም፤ ጥቂት ያረጁ ወንዶች ይሞታሉ፣ ገንዘቡ ለጥበቃና ለአካባቢው ሕዝብ ይውላል ይባላል፤ በትክክል ከተሠራበት ለእንስሳው ከመከልከል የበለጠ ሊበጅ ይችላል። ግን የአያትየው ዋንጫ ተመልሶ መጣብን እኮ! ራሱን ሊሰቅል የገደለው ፈቃድ ያገኛል፤ ሥጋውን ሊቀቅል የገደለው ዘንቢሉን ይዞ ከአውቶቡስ ይወርዳል። ፈቃድ ለመግዛት የሚያስችለው ገንዘብ ፑኝዶ ገበያ ውስጥ በማን መቀነት ይገኛል?

ካሩቱሪ ለተባለው የሕንድ ኩባንያ በጋምቤላ 100 ሺህ ሄክታር መሬት በሊዝ እንደ ተሰጠና ውሉ በ2008 ዓ.ም. እንደ ተቋረጠ የምናውቀው ነው። እንስሳቱ የሚመላለሱበት ሜዳ ሲታረስ የቆርኬው መንገድም ይታረሳል። ይህን የምናነሣው «ትልቁ ካጠፋ ትንሹም ያጥፋ» ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ክርክር አንወድም። ጥበቃ የሚለው ቃል በማን ላይ እንደሚከብድ ለማየት ብቻ ነው።

ሌላ ነገር። መጠለያው ውስጥ ያሉት ሰዎች ከረድኤት የሚያገኙት እህል፣ ጥራጥሬ፣ ዘይትና ጨው ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዕርዳታው ለሌላ ጉዳይ ውሏል በሚል ምክንያት የምግብ ዕደላው በመላ አገሪቱ ቆመ፤ ወደ 900 ሺህ ለሚጠጉት ስደተኞች እንደገና የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። አራት ወር ያህል። እኛ ካፌ ውስጥ ወጡ ቀጠነ ብለን ድምፃችንን የምናሰማ ሰዎች፣ በዚያ አራት ወር ውስጥ አንድ አባት ወደ ጫካ ቢገባ «አዋጅ ቁጥር 541ን አላነበብክም ወይ?» ለማለት አፋችንን አንከፍትም። ጭንቅ የሕግን እጅ ያላላል የሚለውን ሁሉም ሕዝብ በየቋንቋው ያውቀዋል። ነገር ግን ሁለተኛው ጓዳችን እንዳስታወሰን፣ የኛ ጭንቅ አልነበረም። አቦቦ ላይ ወርደን ምሳ በልተናል! የሻጩ ጭንቅ ለገዢው አይተላለፍም። ሴትየዋ ሥጋውን ለመሸጥ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል፤ እኛ ለመግዛት ምክንያታችን ሥጋው መጣፈጡ ነበር።

እዚህ ከደረስን በኋላ ወደ ዕዳችን ተመለስን። የሕግ ተማሪውን እንደገና ጠራነው። «300 ብሩ ዕዳ ነው ወይስ አይደለም?» አልነው። ሳቀ። ሕገ ወጥ ጉዳይን የሚመለከት ውል ውጤት የለውም፤ አንቀጽ 1716 ነው አለ። ስለዚህ በውሉ ልንጠየቅ አንችልም። ጥቂት አሰበና ደግሞ ቀጠለ፦ ውል ሲፈርስ በአንቀጽ 1815 መሠረት ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ከውሉ በፊት ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ሥጋውን መመለስ ይኖርባችኋል አለን። ሥጋውን በልተነዋል! በሳምንቱ፣ በዚህ ክፍል፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሽንኩርትና ከበርበሬ ጋር። ያ የተፋው ልጅ ሳይቀር በልቷል። «እንግዲያውማ» አለና የሕግ ተማሪው ትከሻውን ሰብቆ ወጣ።

እንግዲህ ሕጉ ዕዳ የለባችሁም ይላል። ኅሊናችን ግን አይቀበለውም፤ ያልተቀበለበትንም ምክንያት ለብዙ ጊዜ ሳንረዳው ቆየን። ሥጋውን መብላታችን ብቻ አይመስለንም። እኒያ ሴት በዚያች ቅጽበት እኛን እንደ ልጆቻቸው ቆጥረው ዝም አሉ፤ እኛ ደግሞ እሳቸውን እንደማናውቃቸው ቆጥረን ዝም አልን። የሁለቱ ዝምታ ስም አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ለየቅል ነው። አፍ አውጥተን ብንናገር ምን ይመጣ ነበር? ምናልባት እኛም እንወርዳለን፤ ምናልባት ፈታሹ «ተማሪዎች ናቸው» ብሎ ሁላችንንም ይለቀናል። «ተማሪ» የሚለው ቃል ያን ያህል ኃይል ካለው፣ ከቦርሳችን አልፎ ለአንድ ዘንቢል እንዲተርፍ መሞከር እንችል ነበር። ወይም ደግሞ፣ ታሪክ ተማሪው እንደሚለው፣ ሕጉ ትክክል ነው ብለን የምናምን ከሆነ፣ ጥቅላችንን አውጥተን መስጠት ነበረብን። ሁለቱም መንገድ ክፍት ነበር። የሄድንበት ሦስተኛው ነው።

ፑኝዶ ያለው የክፍል ጓደኛችን በስልክ አግኝቷቸው ነበር። በዚያው ቀን ወደ ማታ ተለቀዋል፤ ሥጋው ግን ቀርቷል። ስለ እኛ ሲጠይቃቸው «እነዚያ ልጆች? በሰላም ገቡ?» አሉ አለን። ስለ ገንዘቡ አላነሡም።

300 ብሩ እስካሁን በተረት ደብተራችን መካከል ተቀምጧል። በሚመጣው ሳምንት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ተገኝቷል። አንደኛችን የጥቅሉን ዋጋ እንላክ ይላል፤ ሁለተኛችን የዘንቢሉን ሙሉ ዋጋ እንላክ እንጂ ይላል፤ ሦስተኛችን ደግሞ ገንዘብ ከላክን ሌላ ዘንቢል መግዣ ላክን ማለት ነው ብሎ፣ ጨውና ሳሙና፣ ደብተርም ገዝተን እንላክ ባይ ነው። ለዚህ ሁሉ ያለን ገንዘብ አልበቃም፤ መዋጮ ልንጠይቃችሁ ነው።